አንድ መነጽር ለአራት

ቅዳሜ ማለዳ የማልታ አውቶቡስ ጥምዝምዙን ወርዶ፣
ከነቅርጫታችን ጠረፍ ላይ አራግፎን ሄደ ነጉዶ።
ዊስቲን ከፊት፣ ማርቶን ከኋላ፣ ጁዛ ጥላዋን ይዛ፣
እኔ ዳቦ ታቅፌ፤ ከረጢቴ በወይራ ዘይት ወዛ።

ልብስ አጣቢዎች ነን፣ የሆቴል። አንሶላ እናጥባለን፣ እንተኩሳለን፣
እንግዳ ያደረበትን ሌሊት በእንፋሎት እንደመስሳለን።
የባሕሩን ሽታ የምናውቀው ከፎጣ ላይ ነው፣
ሌላ ሰው ዋኝቶ፣ ሌላ ሰው ደርቆ፣ ለእኛ ከሚጥለው።
ነገሩን ያመጣው ዊስቲን ነው፦ «ቅዳሜ እኛው እንርሳለን!»

እዚህ ባሕሩን «ባሐር» ይሉታል፤ ከእኔ ቃል በአንድ እስትንፋስ ይርቃል።
ውኃ ውስጥ የገባን የድንጋይ አፍንጫ «ራስ» ይላሉ፤ ይሄንስ ማን ያጣዋል?
ዓይን ዓይን ነው። ምንጭም ዓይን ነው።
ጀልባዎቹ እንኳ ከፊት ጥንድ ዓይን አላቸው፣ ቅንድቡ ቀይ ቀለም፤
«ማየት የማይችል ጀልባ» አለ ማርቶን፣ «ወደ ቤቱ አይመለስም።»

ቋጥኙ የማር እንጀራ ነው፤ የተቦረቦረ፣ ጠርዙ ስለት፣
በየቀዳዳው ጨው የደረቀበት።
ጫማ ያወለቀ ይጸጸታል። ማርቶን አወለቀ።
የባሕር ጃርት ሦስት ጥቁር እሾህ ተረከዙ ላይ ሰንቅራ ቀረች፤
ዊስቲን አንሶላ በምንለይበት መርፌ ቁልፍ አንድ በአንድ ለቀመለት፣
ማርቶን የማላውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ በየስማቸው እየጠራ።

መነጽሩ የዊስቲን ነው፤ አንድ መነጽር ለአራት።
ላስቲኩ ተበጥሶ በአንሶላ ጠርዝ የተጠገነ፣
በግራ በኩል ስንጥቅ አለው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ።
ቱቦውን ከአፍ ወደ አፍ ስንቀባበል «በኮምጣጤ አጥቤዋለሁ» አለ።
ሠላሳ ዓመት ያጠበ ሰው ነው፤ ማን ይጠራጠራል?

ተራዬ ደረሰ። ፊቴን አስገባሁ።
መጀመሪያ የሰማሁት ራሴን ነው፤ እስትንፋሴ ቱቦው ውስጥ
እንደ ካውያ እንፋሎት ፉሽ... ፉሽ...
ከዚያ የብርሃን መረብ አሸዋው ላይ ሲታጠፍ፣ ሲዘረጋ፣
ማንም ተኩሶት የማያውቅ አንሶላ።
ሣሩ ሁሉ በአንድነት ወደ ግራ ይሰግዳል፣ በአንድነት ወደ ቀኝ፤
ሆዳቸው የብር፣ ጅራታቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባቸው ዓሦች
እንደ ሥራ ፈት ጎረምሳ ቆመው ያዩኛል።
ጣት የምታህል አንዲት ዓሣ ደግሞ በተጣለ ጠርሙስ ውስጥ ቤት ሠርታ
ከአንገቱ ብቅ ብላ ገላመጠችኝ፣
በሯን ሳላንኳኳ ስለገባሁ።

ጁዛ ግን እምቢ አለች።
ስድሳ አንድ ዓመት ኖራለች ደሴቷ ላይ፤
ከጣሪያዋም ባሕር፣ ከቤተ ክርስቲያኗ ደጅም ባሕር።
አባቷ መረብ ሰፊ ነበር፤ «የባሕር ሳሎኑ ላይ ላዩ ነው» ይል ነበር፣
«ከዚያ በታች የሰው ጓዳ ነው፤ አይገባም።»
ቋጥኝ ላይ ተቀምጣ ዳቦ ቆረሰች፣ ቲማቲም አሸችበት፣
ጨዋማ እጃችንን እየመታች አደለችን።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይለምናት ተነሣች።
ከነቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ገባች፣ የዊስቲንን ክንድ ጨበጠች፣
መነጽሩን አጠለቀች፣ እንደ ዳክዬ ተደፋች።
ሳቅን።
ከዚያ ሳቃችን አለቀ፤ እሷ ቀና አላለችም።
ማርቶን መቁጠር ጀመረ፣ ሰለቸው፣ ተወው።
ስንጥቁ ጠብ፣ ጠብ እያለ እንደሚሞላ እናውቃለን፤
ቀና አላለችም።

በመጨረሻ ስትነሣ ግራ ዓይኗ ውኃ አቅርሮ ነበር፤
ከስንጥቁ ይሁን ከሌላ፣ አልጠየቅናትም።
«ይሄ ሁሉ» አለች፣ «ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር? እኔ አንሶላ ስቆጥር?»
ቆይታ ደግሞ፦ «ያቺ ጠርሙስ ውስጥ ያለችው ኪራይ አትከፍልም።»

ማታ በአውቶቡሱ መስኮት አራት ፊት፣ በአራቱም ላይ የመነጽሩ ክብ ማኅተም፤
ጁዛ ጥላዋን ጠረፍ ላይ ረስታ መጣች፣ አልተመለሰችለትም።

ሰኞ ጠዋት፣ ማሽኖቹ መዞር ሲጀምሩ፣
አንሶላው ከክቡ መስተዋት ጀርባ በአረፋ ሲጋልብ፣ ሲወድቅ፣
ጁዛ ቅርጫቷን አስቀምጣ ጎንበስ አለች፣
መዳፎቿን ከፊቷ ግራና ቀኝ አድርጋ
ግንባሯን አስደገፈች።
አለቃችን አልፎ ነበር፤ ተመለሰ። «ምን ተበላሸ?»
«ቀስ» አለችው፣ «ታስደነግጣታለህ።»